ጄሉ ብቻውን ደም አይሠራም፦ ስለ ስቴም ሴልና ባዮማቴሪያል ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሳይንቲስቶች እንደ አጥንት መቅኔ የለሰለሰ ጄል (ባዮማቴሪያል፣ ማለትም ሴል የሚያርፍበት የተሠራ ቁስ) ሠርተዋል፤ ስቴም ሴል፣ ማለትም ራሱን የሚያባዛና ወደ ሌላ ሴል የሚለወጥ መነሻ ሴል፣ እዚያ ላይ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ደም አመንጪ ሴል ይሆናል፤ የጄል ልስላሴ የሴልን ዕጣ እንደሚወስን እ.ኤ.አ. በ2006 ተረጋግጧል (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ከሴሎቹ አብዛኞቹ ሲዲ34 የተባለውን የሴል ገጽ ምልክት ካወጡ ሥራው ተሳክቷል፤ በሜልቦርን በ2024 ይኸው ዘዴ ለሕክምና በቅቷል፤ የደም ልገሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቀራል፤ ጎንደር ውስጥም አንድ ክፍል፣ አንድ ኢንኩቤተር፣ ሴል የሚያድግባቸው ጄሎች የሆኑት ጥቂት ማትሪጄል ወይም ርካሹ አልጂኔት ካለ መጀመር ይቻላል።

ጸሐፊው የተነሡበት ችግር እውነተኛ ነው። የደም ካንሰር ወይም የመቅኔ መድረቅ የያዘው ልጅ ከአንድ እናትና አባት ከተወለደ ወንድሙ ወይም እህቱ ጋር ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድሉ በእያንዳንዳቸው ከአራት አንድ ነው። ከሕመምተኛው ከራሱ ቆዳ ወይም ደም ተነሥቶ ደም አመንጪ ሴል መሥራት ቢቻል ይህ ጭንቀት ይቀር ነበር። ነገር ግን ልጁን ይዞ ከጎንደር አዲስ አበባ የሚመላለስ ወላጅ ይህን ጽሑፍ አምኖ ኬሞቴራፒውን ቢያቋርጥ፣ ወይም ቤቱን ሸጦ በስቴም ሴል እናድናለን ከሚሉ ደላሎች ዘንድ ቢሄድ፣ የሚደርሰው ጉዳት አይመለስም። ዝም ማለት ያልቻልነው ለዚህ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር፤ ጄሉ የመቅኔን ልስላሴ ስለያዘ ሴሉ ደም አመንጪ ይሆናል ከሚለው። ስሕተቱ ከቦታው ይነሣል። መቅኔ ደም አመንጪው ሴል የሚኖርበት ነው፤ የሚወለደው ግን ሌላ ቦታ ነው። በሰው ፅንስ ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉት ደም አመንጪ ሴሎች በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ከአኦርታ፣ ማለትም ከዋናው የደም ቧንቧ የውስጥ ግድግዳ ይወጣሉ። ከግድግዳው ጠፍጣፋ ሴሎች ጥቂቶቹ ከጎረቤቶቻቸው ይላቀቁና ክብ ሆነው ወደሚፈሰው ደም ይገባሉ። ለዚህ ለውጥ ራንክስ1 የተባለው ጂን የግድ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ጉበት ሄደው እዚያ ይባዛሉ፤ መቅኔ የሚደርሱት በመጨረሻ ነው። መነሻው አይፒኤስ ሴል ከሆነ፣ ይኸውም ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል እንዳሳዩት የጎለመሰ ሴል ተመልሶ ፅንስ መሰል የሆነበት ሴል ከሆነ፣ መቅኔን የሚመስል ጄል ማቅረብ ገና ብዙ ደረጃ ለሚቀረው ሴል የመጨረሻውን አካባቢ መስጠት ነው።

ደረጃዎቹን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ብዙዎች ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ይሄዳል። በቀን 0 አይፒኤስ ሴሎቹ ትንንሽ እንክብሎች ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ ቢኤምፒ4 የተባለ የዕድገት ፋክተር፣ ማለትም ሴሉን የሚመራ ፕሮቲን፣ በሚሊሊትር 10 ናኖግራም ይሰጣቸዋል። በማግሥቱ ሌላው ፋክተር ኤፍጂኤፍ2 በሚሊሊትር 5 ናኖግራም ይታከላል። ሁለተኛው ቀን ሊሞላ ሲል ሁለት ኬሚካሎች፣ ቺር99021 በ3 ማይክሮሞላር እና ኤስቢ431542 በ6 ማይክሮሞላር ለ30 ሰዓት ያህል ይገባሉ። ከቀን 3 ጀምሮ ሦስተኛው ፋክተር ቪኢጂኤፍ በሚሊሊትር 15 ናኖግራም ይሰጣል። በቀን 8 ገደማ ሲዲ34 ያለባቸው ሴሎች ተለይተው ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይተላለፋሉ። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በ5 በመቶ ኦክስጅን ነው።

ቺር የሚገባበት ሰዓት ቢዘለል ሴሉ አይሞትም፤ ደምም ይሰጣል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚወጣው ደም በፅንሱ የአስኳል ከረጢት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የሰውነት መከላከያ የሆነው ቲ ሴል አይወጣውም፣ ተተክሎ ዓመታት የሚቆይ ዘርም የለውም። በቀን 3 ላይ ሲዲ235ኤ የተባለ ምልክት የሚታይበት ሴል ብዙ ከሆነ መንገዱ ወደዚያ መሳቱ ነው፤ ቀን 8ን መጠበቅ የላብራቶሪ ኬሚካል ማባከን ይሆናል። ይህን መታጠፊያ የሚወስነው ምልክቱ የተሰጠበት ሰዓት እንጂ ከሴሉ ሥር ያለው የጄል ልስላሴ አይደለም። ጥንስሱ ሳይደርስ ድፍድፏን ያስቸኮለች ጠማቂ ጋኑ ደህና ስለሆነ ብቻ ጠላ አይወጣላትም፤ ጋኑ ግን ያስፈልጋል።

ባዮማቴሪያሉ ይህን ያህል የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጸሐፊው ትኩረት ቢሰጧቸው ኖሮ ጽሑፉ ሌላ ይሆን ነበር። በጣም ግልጹ የኖች ምልክት ነው። ኖች የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን የሚነቃው አጣማሪው፣ ለምሳሌ ዲኤልኤል4፣ ከአንድ ነገር ጋር ታስሮ ሲጎትተው ነው። ዲኤልኤል4ን ፈሳሹ ውስጥ ብትበትኑት አይሠራም፤ እንዲያውም ቦታ ይዞ ሊከለክል ይችላል። ሳህኑ ላይ ወይም ጄሉ ላይ ሲጣበቅ ግን ይሠራል። ከመጎተት ውጭ የማይነቃ ምልክት ስለሆነ እዚህ ማቴሪያሉን የሚተካ ነገር የለም። ሁለተኛው የደም ፍሰት ነው። በ2009 የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በዋናነት በዜብራ ዓሣ፣ ሌላው በአይጥ ሴል፣ ልብ የማይመታበት ፅንስ ደም አመንጪ ሴል እንደሚያጥረውና ፈሳሽ በግድግዳው ላይ ሲሽከረከር የራንክስ1 መጠን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ አኦርታን መምሰል የፈለገ ሰው ከጄሉ ልስላሴ በፊት ፓምፑን ቢያስብ ይሻለዋል። ሦስተኛው፣ ፕሮቲኖችን አጣብቆ የሚይዘው ሄፓሪን የታሰረበት ጄል የዕድገት ፋክተሮችን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ የሚገባውን መጠን ሊቀንስ ይችላል። መቀነስ ማለት ግን ማስቀረት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ የ2006ቱ ሙከራ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት የእነ ኤንግለርና ዲሸር ሥራ እውነተኛና ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተሠራው በሜዘንካይማል ሴል፣ ማለትም አጥንትና ስብ በሚሠራው የመቅኔ ሴል ነው። ከ0.1 እስከ 1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) በሚሆን ጄል ላይ ሴሎቹ የነርቭ ምልክት፣ ከ8 እስከ 17 ባለው የጡንቻ፣ ከ25 እስከ 40 ባለው የአጥንት ምልክት አሳዩ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ደም የለም፤ ሜዘንካይማል ሴልም ደም አይሆንም። ለደም አመንጪ ሴል ቅርብ የሆነው ማስረጃ በ2010 ትሮፖኢላስቲን በተባለ ተለጣጭ ፕሮቲን ላይ የወጣው ነው፤ እዚያም የታየው ቀድሞውኑ ደም አመንጪ የሆነ ሴል ሁለትና ሦስት እጥፍ መብዛቱ ነው። ያለውን ማብዛት አንድ ነገር ነው፤ የሌለውን መፍጠር ሌላ።

ልስላሴን ራሱ መፈተን ለሚሻ ተማሪ መንገዱ ቅርብ ነው፤ የሚሳሳትበትም ቦታ ይታወቃል። 1 ሚሊሊትር የፖሊአክሪላማይድ ድብልቅ ለመሥራት፣ 40 በመቶ አክሪላማይድ 125 ማይክሮሊትር፣ 2 በመቶ ቢስአክሪላማይድ 75 ማይክሮሊትር፣ ውኃ 800 ማይክሮሊትር ሲሆን 4.5 ኪሎፓስካል ገደማ ይሰጣል። ለ0.6 ኪሎፓስካል ደግሞ 75፣ 30 እና 895 ነው። ከዚያ ማርጊያ የሆኑት 10 በመቶ አሞኒየም ፐርሰልፌት 10 ማይክሮሊትርና ቴሜድ 1 ማይክሮሊትር ይጨመራል። ኦክስጅን መርጋቱን ስለሚከለክል ድብልቁ አስቀድሞ በቫኩም አየሩ ይወጣለታል፤ ሲፈስም በመስታወት ይሸፈናል። ያልረጋ አክሪላማይድ ነርቭ ይመርዛል፤ ጓንት ይደረጋል፣ ጄሉም ደጋግሞ ይታጠባል። ሴል ፖሊአክሪላማይድ ላይ በራሱ ስለማይጣበቅ ሰልፎ-ሳንፓ የተባለ አጣባቂ ኬሚካል በሚሊሊትር 0.2 ሚሊግራም ፈስሶ በ365 ናኖሜትር ብርሃን 10 ደቂቃ ይበራበታል፤ ቀጥሎ ኮላጅን ወይም ፋይብሮኔክቲን ይለበጣል።

ውጤት የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰልፎ-ሳንፓ ውኃ ከነካው ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ተበጥብጦ የቆየ ከሆነ ልባጡ ይሳሳል። ለስላሳው ጄል ላይ የሴሎቹ ጠባይ ሲለወጥ ሰው ልስላሴው ነው ይላል፤ ምክንያቱ ግን ልባጡ መሳሳቱ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ጄሎች ላይ የተለበጠው ፕሮቲን እኩል መሆኑ በፍሎረሰንት ቀለም ካልተመረመረ ስለ ኪሎፓስካል መናገር አይቻልም። የተለመደው የፕላስቲክ ሳህን ጥንካሬ በጊጋፓስካል እንደሚቆጠር፣ መቅኔ ደግሞ እንደየቦታው ከ1 ኪሎፓስካል በታች ጀምሮ እስከ 20 ገደማ እንደሚደርስ ማስታወስም ይገባል። አንድ የመቅኔ ልስላሴ የሚባል ቁጥር የለም።

ሦስተኛው፣ ሲዲ34 ከታየ ተሳክቷል የሚለው ነው። ሲዲ34 በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ላይም አለ። አይፒኤስ ሴል ወደ ደም ሥር ብቻ ሄዶ ቢቆም እንኳ የሴል ምልክት የሚያነበው ማሽን ብዙ ሲዲ34 ያሳያል፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት የደም ሴል ላትኖር ትችላለች። ቢያንስ ሲዲ43 ወይም ሲዲ45 አብሮ መታየት አለበት፤ ወደ ስቴም ሴልነት ለሚቀርበው ደግሞ ሲዲ90 ኖሮ ሲዲ38 መጥፋቱ ይታያል። ይህም ምልክት ብቻ ነው። እውነተኛው ፈተና የመከላከል አቅም በሌለው አይጥ ላይ ተተክሎ 16 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ቀዩንም፣ ነጩንም፣ ሊምፎሳይቱንም መስጠቱ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው አይጥ መቅኔ ተወስዶ ወደ ሁለተኛው ሲተከል መድገሙ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ሴል ደም አመንጪ ስቴም ሴል ተብሎ መጠራት የለበትም።

የሜልቦርኑን ሥራ በሚመለከት ጸሐፊው ሁለት ነገር አደባልቀዋል። በመርዶክ የሕፃናት ምርምር ተቋም በ2024 የወጣው ውጤት በርግጥ ለዓመታት የተጠበቀ ነው፤ በ2017 የወጣው የቦስተኑ ሥራ ሰባት ጂኖችን በቫይረስ ማስገባት ሲጠይቅ፣ ይኸኛው ያለ ጂን ማስገባት በአይጥ መቅኔ የሚሰፍሩና ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሴሎችን ሰጥቷል። ያስቻለው ግን ለስላሳ ጄል አልነበረም። ሴሎቹ እየተሽከረከረ በሚናጥ ፈሳሽ ውስጥ እንክብል ሆነው አደጉ፤ ወሳኞቹ የቺርና የቢኤምፒ4 ሰዓት፣ የቪታሚን ኤ ዝርያ የሆነው ሬቲኒል አሲቴት፣ እንዲሁም የቪኢጂኤፍ አሰጣጥ ነበሩ። ሴሎቹ የተተከሉት በአይጥ ሲሆን በተሻለው አሠራር የሰፈሩትም ከተተከሉት አይጦች ከ25 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ነው። ለሰው የተሰጠ የለም።

ፖሊመር ታሪክ የሠራበትን ምሳሌ ከፈለጉ ሌላ ቦታ አለ። በ2019 በአይጥ ደም አመንጪ ሴል ላይ የተሠራው ጥናት ከአልቡሚን ይልቅ ፖሊቪኒል አልኮሆልን፣ በተራ ሙጫ ውስጥ የሚገኘውን ፖሊመር፣ ተጠቅሞ በአንድ ወር ውስጥ ከ236 እስከ 899 እጥፍ ማብዛት ችሏል። ምክንያቱ ቀላልና አስተማሪ ነው፤ ከደም የሚወጣ አልቡሚን ሴሉን የሚያናድዱ ቆሻሻዎች ይዞ ይመጣል፣ ሰው ሠራሹ ፖሊመር ግን ንጹሕ ነው። በ2023 ለሰው ሴል የሚስማማ ሌላ ፖሊመር ተገኝቷል። እዚህም ሴሉ ከመጀመሪያው ደም አመንጪ ነበር።

ስለ ደም ልገሳ ረጅም ማለት አያስፈልግም። አንድ ከረጢት ደም 2 ትሪሊዮን ያህል ቀይ ሴል ይይዛል። በ2022 በብሪታንያ የተሰጠው በላብራቶሪ ያደገ ቀይ ደም ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር ብቻ ሲሆን የተሠራውም ከለጋሾች ደም ከተወሰደ ስቴም ሴል ነው፤ ማለትም ያለ ለጋሽ አልተሠራም። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከተለገሰ በኋላ 5 ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ወላድ ስትደማ የሚደርስላት ለጋሽ ነው፤ ጤናማ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጣው ካላዛርም መቅኔና ጣፊያ ውስጥ ገብቶ ሦስቱንም የደም ሴል ዓይነቶች ያወርዳል፤ ይህን ደም ማነስ የሚመልሰው ግን በሽታው በወቅቱ ታውቆ መድኃኒቱ በጊዜው መሰጠቱ ነው እንጂ አዲስ ስቴም ሴል አይደለም። ጸሐፊው ሁሉንም የደም ማነስ በአንድ ቅርጫት መክተታቸው አሳስቦናል።

አሁን ወደ ጎንደሩ ላብራቶሪ። ይህን ነጥብ ለመጨረሻ ያቆየነው ሥራውን መጀመር ስለምንመኝ ነው። ማትሪጄል የሚሠራው ከአይጥ ዕጢ ነው፤ ከ1,800 በላይ ፕሮቲኖች ይገኙበታል፣ ከምርት ምርት ይለያያል፣ ስለዚህም ለሰው ሕክምና አይሆንም። ለልምምድም ቢሆን በበረዶ ላይ ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከ10 ዲግሪ ካለፈ መርጋት ይጀምራል፣ ፒፔት ጫፉም ቀድሞ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ በኋላ የተቀዳ ማትሪጄል ጎድጓዳና ጉብታ ሆኖ ይለበጣል፤ አይፒኤስ ሴሎቹም በጠርዙ ይላቀቃሉ። ቪትሮኔክቲን ወይም ላሚኒን-521 የተባለ ፕሮቲን በስኩዌር ሴንቲሜትር 0.5 ማይክሮግራም ቢለበጥ ይሻላል።

አልጂኔት ርካሽ መሆኑ ልክ ነው። ግን ሴል የሚይዝበት ነገር የለውም፤ ሴል የሚጨብጠው አርጂዲ ፔፕታይድ ካልታሰረበት ሴሎቹ ታግተው ይቀመጣሉ እንጂ አይጣበቁም። ያረጋው ካልሲየም ስለሆነ ፎስፌት ባለበት ፈሳሽ ሲታጠብ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ይወስድና ጄሉ ይፈርሳል። ኦክስጅን በጄል ውስጥ ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ዘልቆ ስለሚያልቅ ወፍራም ጠብታ መሐሉ ይሞታል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ መገኘቷን ግን ጽሑፉ ጭራሽ አላነሣም፤ ለሴል ካልቸር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአየር ግፊቱ 78 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ኢንኩቤተሩ እውነተኛ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢይዝ የጋዙ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ 36 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚሆነው እዚህ 27 ነው። በዚህ የተነሣ የሚዲየሙ፣ ማለትም የሴል ማሳደጊያው ፈሳሽ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በ0.12 ያህል ከፍ ይላል፤ ሐምራዊ ይሆናል። ለማካካስ 6.6 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ይህን ከማድረግ በፊት የማሽኑ ሴንሰር የአየር ግፊትን ያርም እንደሆነ ከመመሪያው ይታይ፤ አንዳንዱ የሚያነበው የጋዙን ግፊት ስለሆነ 5 ሲል ቀድሞውኑ ትክክል ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ሚዲየሙን ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ሳይቀዘቅዝ ፒኤቹን መለካት ነው። የ5 በመቶ ኦክስጅኑም ጉዳይ ያው ነው፤ ከውጭ አገር የተገኘን ፕሮቶኮል ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ መሥራት ሴሉን ካሰቡት በላይ ያፍነዋል።

በእንፋሎት ግፊት ተሐዋስያንን የሚገድለው አውቶክሌቩም እንዲሁ። በጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ነው፤ ጎንደር ላይ 117 ገደማ ነው። በጌጁ ተማምኖ 15 ደቂቃ የቆጠረ ሰው ሚዲየሙ ሲደፈርስበት ብክለቱ የገባው ከእጁ ይመስለዋል። ቴርሞሜትሩ 121 ሲል ነው መቁጠር የሚጀመረው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የተነሣው በአካባቢው ከነበረ የጤና ችግር ነው፤ ይኼኛውም ሥራ መነሻው እዚሁ ሊገኝ ይችላል። ከአይፒኤስ ሴል መነሣት ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በየቀኑ ሚዲየም መቀየር፣ የክሮሞሶም ምርመራ ይጠይቃል። ከወሊድ በኋላ ከእንግዴ ልጅ ጋር የሚጣለው የእትብት ደም ግን በእናቲቱ ሙሉ ፈቃድና ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ጋር ሊገኝ የሚችል፣ ቀድሞውኑ ደም አመንጪ ሴል ያለበት ነው። ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሮ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ሴሎችን በእፍጋታቸው በሚለይ፣ መጠነ እፍጋቱ 1.077 በሆነ ፊኮል የተባለ ፈሳሽ ላይ በቀስታ ይደረባል፤ በ400 ጂ ለ30 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ ይደረጋል፣ ፍሬኑ ጠፍቶ። ፍሬኑ ከሠራ ንጣፉ ይደባለቅና ነጩ ቀለበት ይጠፋል። ከዚያ ሲዲ34 ሴሎቹ በማግኔት ይለያሉ።

የጄሉንና የዲኤልኤል4ን ድርሻ ለየብቻ ለማየት እነዚህን ሴሎች ለአራት ቡድን ማካፈል ይቻላል፦ ጄል ከዲኤልኤል4 ጋር፣ ጄል ያለ ዲኤልኤል4፣ ፕላስቲክ ከዲኤልኤል4 ጋር፣ ፕላስቲክ ብቻ፤ በአራቱም ሚዲየሙ አንድ ዓይነት፣ የሴሉም ቁጥር እኩል። ከሰባት ቀን በኋላ ከእያንዳንዱ 500 ሴል ሜቲልሴሉሎስ በተባለ ዝልግልግ ማሳደጊያ ውስጥ በ35 ሚሊሜትር ሳህን ይዘራል። ሜቲልሴሉሎስ ወፍራም ስለሆነ በፒፔት ሳይሆን ጫፉ ዱልዱም በሆነ ባለ16 ጌጅ መርፌ ይቀዳል፤ ሳህኖቹም ውኃ ያለበት ሌላ ሳህን ጎናቸው ካልተቀመጠ በጎንደር የበጋ ደረቅ አየር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይደርቃሉ። በ14ኛው ቀን ቀዩ፣ ነጩና የተደባለቀው ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የተባዛ የሴሎች ክምር) ለየብቻ ይቆጠራል፤ የሚቆጥረው ሰው የትኛው ሳህን ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ሳያውቅ።